ባለቤት ያጣ ሶላር

መስከረም 14

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አንተስ ደህና ነህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኔና እማዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋን እንደሆነ የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም። ሥራህን ይባርከው፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ ክፉ አይንካህ።

አባታችን ዕድሜ ልኩን ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ «ሳትመርቁ አትክሰሱ» ይለን አልነበር? ይኸው መረቅኩ፤ አሁን ወደ ክሴ ልግባ።

ሰው አገር ሆነህ የገዛህልን ሶላር ቆሟል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንቨርተሩ ጢጥ አለና ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድም ነገር አይሠራም። የመንግሥት መብራት እንደሆነ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ክፋቱ ደግሞ መፈልፈያ ማሽኑ ሙሉ ነበር። ባለፈው እንደጻፍኩልህ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ጫጩት አዘውኝ፣ እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። አንዳንዱ ቅርፊቱን ወግቶ አፉን አውጥቶ ነበር። ሲጮሁ እሰማለሁ። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላሁ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። በማግስቱ ድምፅ አልነበረም። አንድ በአንድ ሰብሬ አየኋቸው፤ ላባቸው ሁሉ በቅሎ ነበር።

ሶላሩን የገጠመልን የኢንጂነሩ ድርጅት ቢሮ ሄድኩ። ጫማ ቤት ሆኗል። ጫማ ሻጩ «ድርጅቱ ከስሯል፣ ሰውየው የት እንደገባ ወፍ እንኳ አያውቅም» አለኝ። ሶላሩን የተዋዋልከው አንተ ነህና የኢንጂነሩን አድራሻ ካለህ ላክልኝ። መደወል እንደማልችል ታውቃለህ። በአባታችን ሐዘን ጊዜ በስልክ የተባባልነውን እማዬ ሰምታ «ከእንግዲህ በወረቀት ካልሆነ አትነጋገሩ» ብላ ካስማለችን ወዲህ ቃሌን አላጠፍኩም።

ያንተው እህት


ጥቅምት 12

ለተወደድሽው እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንደምን ናት? ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹ አድገው ቤቱ ጠቦናል እንጂ ሌላ ችግር የለም። ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይለምልም።

የጫጩቶቹ ነገር አንጀቴን በላው። ኢንጂነሩን ሳፈላልገው ከረምኩ፤ ስልኩ አይሠራም። እንዲህ ነው የዛሬ ሰው፣ ሲሸጥልሽ ወንድምሽ ነው፣ ሲበላሽ አያውቅሽም። እስካገኘው ድረስ ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ፓነሎቹ አቧራ ሲጠጡ ይደክማሉ ይባላል። ጣራው ላይ ወጥተሽ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ እጠቢያቸው። ለቀን ሠራተኛ እንዳትሰጪ፣ ይሰነጥቁብሻል፤ ራስሽ ውጪ።

እግረ መንገዴን ያን የድሮውን ነገር ደግሜ ላንሳ። ያ ትልቅ ግቢ ለሁለት ሴት አይከብድም? ደህና ገዢ አግኝቻለሁ። ወሬ ነው፣ አትደንግጪ። አስቢበት ለማለት ያህል ነው።

ታናሽሽ


ኅዳር 2

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። ጤና ይስጥህ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያውጣህ። ለነገሩ እኔንም አውጥተኸኛል።

እንዳልከኝ ጣራ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጥሬ፣ ባልዲ ተሸክሜ። ጎረቤት ሁሉ ከታች ተሰብስቦ «እትዬ ምን ነካዎት?» ይለኛል። የመጀመሪያውን ፓነል አጥቤ ወደ ሁለተኛው ስሻገር ሳሙናው አዳለጠኝ፤ መሰላሉን ይዤ ወረድኩ። ይዤው ስልህ፣ ተያይዘን። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ሐኪም በጀሶ ጠቅልሎታል። ሶላርህ እንደ ሙሽራ ታጥቦ ተቀምጧል፤ ቀዩ መብራትም እንደ ልማዱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ከዚያ ሽቦ የምንለውን የቴሌቪዥን ጠጋኝ አስመጣሁ። ፈታታው፣ አሸተተው፣ መልሶ ገጠመው። «ፓነሉም ጤነኛ ነው፣ ባትሪውም ጤነኛ ነው» አለኝ። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» ስለው «ኮድ እየጠየቀ ነው፤ ባለቤቱ ኮድ ካልሰጠው አይከፈትም» አለ። «ባለቤቱማ እኔ ነኝ!» አልኩት። «እሱን ለዕቃው ይንገሩት» አለኝና ሳቀ። ከዚያ እኔን እያስገመተ ቁጥር መነካካት ጀመረ። የእማዬን ዕድሜ ሞከረ፣ የቤቱን ቁጥር ሞከረ፣ በመጨረሻ ዕቃው ተናዶ ጭራሽ ስክሪኑን ዘጋበት። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ያ ኮድ ብቻ ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ አስፈልፋይ እየሄዱብኝ ነው። ከጫጩት ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለኝ መቼም አንተ አትስተውም።

ስለ ቤቱ ያነሳኸውን አስቤበታለሁ። አሰብኩ ለማለት ያህል ነው።

ያንተው እህት


ኅዳር 29

ለተወደድሽው እትዬ፣

ፈጣሪ እግርሽን ይማርልሽ፣ ከወደቅሽበት ያንሳሽ፣ አጥንትሽን ያጠንክረው። ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ባለቤቴም አዝናለች።

ኮዱን በተመለከተ ያልገባሁበት ጉድጓድ የለም። ቁርጡን ልንገርሽ፦ ኮዱ ከድርጅቱ ጋር ተቀብሯል። ማንም የለውም። እኔም የለኝም። ያ ሶላር ከእንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን አናይም። ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር። መብራት በሌለው ቤት ውስጥ አንዲት ዓይኗ የደከመ ሴትና አንዲት እግሯ የተሰበረ ሴት ምን ያደርጋሉ? መሬት ላይ ያለች አንድ ክፍል ብትከራዩ መሰላል እንኳ አያስፈልግሽም። ገዢው እየቸኮለ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የውክልና ወረቀት አለ። እማዬ አሻራዋን ታድርግበትና ላኪልኝ፤ ሌላውን ለኔ ተይው። አንቺን ላሳርፍሽ ብዬ ነው።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 13

ለተከበርከውና ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይብዛልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። ከሁሉ በላይ ግን ጣትህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። አንዲቷ ብቻዋን ያን ሁሉ ጫጩት ከገደለች ዐሥሩም ቢተባበሩልህ የት በደረስክ!

የድርጅቱን ጸሐፊ ታስታውሳታለህ? እሷስ አንተን ታስታውስሃለች። አሁን ገበያ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። በክራንች እያነከስኩ ሄጄ አገኘኋት። ነገሩን ሳስረዳት «ብልጭ ድርግም ነው የሚለው ወይስ ዝም ብሎ ይበራል?» አለችኝ። ብልጭ ድርግም አልኳት። «እሱማ ብልሽት አይደለም። ሰው በስልኩ ሲያግደው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ክፍያ ላቆሙ ደንበኞች እኔው ራሴ ቢሮ ተቀምጬ አደርገው ነበር» አለች። አሁን ማን ነው የሚያግደው ብዬ ብጠይቃት አየችኝና አፈረች። ድርጅቱ ሲዘጋ እያንዳንዱን ሶላር ለገዛው ሰው አስተላልፈዋል። የኛው የተላለፈው ላንተ ነው። ስልክህ ላይ እንዴት እንደሚጠፋና እንደሚበራ እሷው ናት ደውላ ያስረዳችህ። «ትሑት ሰው ነው፣ ሦስት ጊዜ አመሰገነኝ» አለችኝ።

እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አላመሰገንከኝም። እኔ ባልዲ ይዤ ጣራ ላይ ስድህ አንተ ቤቴን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ትዞር ነበር። ለምን እንደጠፋ እያወቅህ እጠቢው አልከኝ። ለቀን ሠራተኛ እንኳ እንዳትሰጪ ብለህ አስጠነቀቅከኝ። ይህን በጠላቴም ላይ አላደርገውም። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ጥር ከመጋመሱ በፊት መብራቴን ካልመለስክ ደብዳቤዎችህን በሙሉ፣ ከነምርቃታቸው፣ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። የውክልና ወረቀትህን ምድጃ ለኮስኩበት፤ ደህና ይነዳል።

እህትህ


ጥር 17

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እግርሽ ተሽሎሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አልክድም። ግን ሶላሩን ማን ገዛው? ሌሊት ሌሊት የሰው ዕቃ በመኪና እያደረስኩ እኔ ነኝ የገዛሁት። የራሴን ንብረት ባጠፋ ሌብነት ነው? እባክሽ ሽጡ፣ ድርሻዬን ስጡኝ እያልኩ ስለምንሽ ዓመታት አለፉ። አንቺ መብራት እስካለሽ ድረስ ከዚያ ቤት እንደማትወጪ ገባኝ። ጫጩትሽን እያስፈለፈልሽ እንደ ባላባት ትኖሪያለሽ፤ እኔ እዚህ ሁለት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እንተፋፈጋለን። ትልቋ ልጄ ኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው።

እንቁላሎቹን ዶሮ ሥር ታደርጊያቸዋለሽ ብዬ ነበር። ጣራውንም ቢሆን የምትወጪ አልመሰለኝም። ሰው ሲልሽ መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ለአንዴ መስማትሽ በኔ ላይ ሆነ።

ለእማዬ እነግራለሁ ብለሽ አታስፈራሪኝ። ንገሪያት። ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንብቢላት። ካንቺና ከኔ ማንን እንደምትመርጥ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ስትወልድሽ ሦስት ቀን አኩርፋ ነበር ሲባል ሰምተሻል።

ታናሽሽ


ጥር 28

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ «ወረቀት አምጪና ጻፊ» አለችኝ። አባታችን ለአገር ሁሉ ሲጽፍ ለሷ ፊደል አላስቆጠራትምና እጇ እኔው ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ቃል የሷ ነው።

«የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ነህልኝ? እኔ አለሁልህ። እህትህ ያነበበችውን ሁሉ ሰማሁ። መብራቱን እሱ ነው ያጠፋው ስትለኝ ደነገጥኩ። ኋላ ሳስበው ልጄ ያለ ምክንያት አያደርገውም አልኩ። ልጅ ሆነህም መብራት አጥፍተህ እህትህን ማስደንገጥ ትወድ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ቤቱን ሽጠው። አሻራዬንም አደርጋለሁ። ልጆችህ ኮሪደር ላይ እየተኙ እኔ ባዶ ክፍል ምን ያደርግልኛል? እህትህን አትቀየማት። እሷ እግሯ ቢሰበርም እጇ ደህና ነው፣ የትም ሠርታ ታድራለች። ልጅም የላት፣ ምን ያስቸኩላታል? እኔ ግን ካንተ ጋር ነው የምኖረው። ሻንጣዬን ከቁምሳጥኑ ላይ አስወርጃለሁ፤ አንተ ዘንድ የምለብሰውንም አሳጥቤአለሁ። ባለቤትህን አትጨነቂ በላት፤ አንዲት ጥግ ትበቃኛለች። ከልጄ እጅ ውሃ ጠጥቼ ልሙት።»

ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። «እጇ ደህና ነው» ያለችው ላይ ስደርስ እጄ ቆመብኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጻፊው እንጂ» አለችኝ። አልቅሼ አላውቅም፣ ያኔ ግን ወረቀቱን እንዳላበላሸው አዙሬ ነው ያለቀስኩት። እውነትህን ነው፣ መርጣሃለች። እንግዲህ የተመረጠ ይረከባል። የጉዞ ሰነዷን ማስወጣት ጀምሬአለሁ። ገዢህን ይምጣ በለው፤ አንተም እናትህን ተቀበል።

እህትህ


የካቲት 9

እትዬ፣

ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ሶላሩን አሁኑኑ ከፍቼዋለሁ። ከእኔ ስልክም ሰርዤ ባንቺ ስም አዙሬዋለሁ፤ ኮዱ ከታች አለ፣ ቀይሪው። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው። ገዢውንም ተወው ብዬዋለሁ። በቃ፣ አሸነፍሽ። አስፈልፍይ።

የእማዬ ነገር ግን የማይሆን ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ አሳንሰሩ ሁለት ቀን ሠርቶ ሳምንት ይቆማል። ቀን ሙሉ ቤት ሰው የለም። ባለቤቴ ከሰማች ጊዜ ጀምሮ አላናገረችኝም። አሮጊት አምጥቼ ምን ላድርጋት? ማን ያጥባታል? ያንን ስታደርጊ የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ። እባክሽ ይህን ደብዳቤ እንዳታነቢላት። በራስሽ አነጋገር አለስልሰሽ ንገሪያት፤ ወረቀቱ ዘገየ በያት። ትንሽ ቆይታ ትረሳዋለች።

ወንድምሽ


የካቲት 24

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። አሳንሰርህን ፈጣሪ ያሠራልህ፣ ትዳርህን ያጽናልህ።

መብራቱ ከደብዳቤህ ቀድሞ ደረሰ። ሐሙስ ቀትር ላይ አምፖሉ ሁሉ ቦግ አለ፣ ራዲዮኑም ከቆመበት ቀጠለ። እማዬ ከአልጋዋ ብድግ ብላ «ልጄ መጣ! ልጄ ነው የከፈተው!» አለች። አዎ፣ እሱ ነው የከፈተው አልኳት፤ መቼም ውሸት አይደለም። «ፀጉሬን አበጥሪኝ» አለችኝ። አበጠርኳት። የታጠበውን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ በር ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም ተቀመጠች። ደብዳቤህ እስኪደርስ ድረስ እንደዚያው ስትቀመጥ ከረመች፤ እኔም ግቢ አላልኳትም። ምን አስብ እንደነበር ልንገርህ? ትጠብቅ ነበር የምለው። እኔ ስጠብቃት ኖሬ የለም?

ደብዳቤህ ሲመጣ አነበብኩላት። «እንዳታነቢላት» ያልከውንም አነበብኩላት። «አሮጊት አምጥቼ ምን ላድርጋት» የሚለውን ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ማለስለስ እችል ነበር። ጣራ ላይ የወጣሁበት፣ ጫጩቶቹን ከቅርፊታቸው ፈልፍዬ ያወጣሁበት፣ «እጇ ደህና ነው» ብዬ የጻፍኩበት፣ ያ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝና ሳላለሰልስ አነበብኩት። ፊቷን እያየሁ ነው ያነበብኩት። አሁን ልቧ ይሰበርና ወደኔ ትዞራለች ብዬ ነበር።

አልተሰበረም። «ውሸታም» አለችኝ። «ልጄ እንዲህ አይጽፍም። ቤቱን እንዳልሸጥብሽ፣ እንዳልሄድብሽ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው።» መብራቱን አጠፋሁ ያልከውን ዓይኗን ሳታሽ አምናሃለች፤ አልወስድሽም ያልከውን ግን በዚያው በኔ አፍ ብትሰማውም ውሸት ሆነ። ሽቦን ጠርቼ አስነበብኩት። ያንኑ አነበበ። «ስንት ሰጠችህ?» አለችው። የሕፃናት ልብስ የምትሸጠዋን ጸሐፊ አስመጣሁ። እሷንም «አንቺም የሷው ነሽ» አለቻት።

ሶላሩ ይሠራል። ማሽኑን ሞልቼዋለሁ፣ የሄዱት ሴቶች እየተመለሱ ነው። የፈለግኩት ሁሉ እጄ ገብቷል። እማዬ ግን ከእጄ እህል አትቀበልም፣ መርዝ ታደርግብኛለች ብላ ለጎረቤት ነግራለች። የምትበላው ጎረቤት ሲያጎርሳት ብቻ ነው። በሯን ከውስጥ በወንበር ትደግፈዋለች። ትናንት ጀርባዋን ላጥባት እጄን ስዘረጋ ፊቷን በሁለት እጇ ከለለች። የምመታት መስሏት ነው።

ፈራችኝ፣ ወንድሜ። የገዛ እናቴ ፈራችኝ።

እህትህ